የመኪና ሞተር ካርቦን ቤት ውስጥ እንዴት ይጸዳል? ከካንዴላ እስከ ፒስተን

ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ይንቀጠቀጣል። ትራፊክ መብራት ላይ ሲቆም ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ይወርድና ሊጠፋ ይደርሳል። ዳገት ላይ ጉልበት ያንሰዋል፣ ቤንዚን ደግሞ ከወትሮው በላይ ይበላል። ይህን ለመካኒክ ስትነግሩ ብዙ ጊዜ የምታገኙት መልስ «ካርቦን ይዟል፣ ይጽዳ» የሚል ነው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው፤ ግን ግማሽ መልስ ነው። ካርቦን ያለ ምክንያት አይጠራቀምም። የት እንደተቀመጠ፣ ደረቅ ይሁን ቅባታም፣ አንዱ ሲሊንደር ላይ ብቻ ይሁን አራቱም ላይ፣ እያንዳንዱ ስለ ሞተሩ የሚናገረው ነገር አለ። ጠርጋችሁ ከጣላችሁት በኋላ ግን ያ መረጃ አብሮ ይጠፋል፤ ምክንያቱ ስላልተነካ ጥላሸቱ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ስለዚህ እዚህ የምንሄደው ከማየት ወደ ማጽዳት፣ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ነው። አብዛኛው መኪና ሦስተኛው ወይም አራተኛው ደረጃ ላይ ይድናል። የመጨረሻው ደረጃ ለሁሉም አይደለም፤ ለምን እንደሆነ ስንደርስበት እነግራችኋለሁ።

በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያሉትን ሞተሮች በጤና ማቆየት ከበፊቱ የበለጠ ዋጋ አለው። ለዚህም በየሰፈሩ የሚታወቁትን የቶዮታ ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላ ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተሮች፣ በተለይም 1ኤንዜድ የሚባለውን ባለ 1.5 ሊትር ሞተር ምሳሌ አደርጋለሁ። ሌላ መኪና ያላችሁም ብዙውን ነገር እንዳለ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

ካርቦኑ ከየት ይመጣል?

ከሁለት ቦታ ነው። አንደኛው በደንብ ሳይቃጠል የቀረ ቤንዚን ነው፤ ደረቅና ዱቄት መሰል ጥላሸት ይተዋል። ሁለተኛው የሞተር ዘይት ነው። ከሞተሩ ሆድ የሚወጣው የዘይት እንፋሎት ፒሲቪ በሚባለው የእንፋሎት መመለሻ ቫልቭ በኩል ወደ አየር ማስገቢያው ይመለሳል፤ ወይም ደግሞ ባረጀ የፒስተን ፋሻ፣ ማለትም ፒስተኑን በከበበው የብረት ቀለበት፣ እና በደከመ የቫልቭ ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) በኩል ዘይት ወደ ማቃጠያው ክፍል ይገባል። ከዘይት የሚመጣው ጥቁር፣ የሚያጣብቅና ሲደርቅ የሚጠነክር ነው።

የከተማ አነዳድ ለሁለቱም ምቹ ነው። ከቤት ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ ቢሮ እያለ የሚውል መኪና ሞተሩ ሙቀቱን ሳይዝ ይጠፋል። ሞተሩ ቀዝቃዛ እስከሆነ ድረስ ኮምፒውተሩ ሆን ብሎ ቤንዚን ያበዛል። የካንዴላ፣ ማለትም እሳት የሚጭረው ክፍል፣ ጫፍ በራሱ ላይ ያረፈውን ጥላሸት አቃጥሎ ማራገፍ የሚጀምረው 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው፤ በአጭር ጉዞና በረጅም የትራፊክ ቁም ሙቀቱ እዚያ አይደርስም።

አዲስ አበባ ላይ የሚጨመር ሌላ ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ አካባቢ ነው። ኢንጀክሽን (በኮምፒውተር የሚታዘዝ የቤንዚን መርጫ) ያለው ሞተር በሴንሰሮቹ ይህን አውቆ ቤንዚኑን ይቀንሳል። ካርቡሬተር (ያለ ኮምፒውተር አየርና ቤንዚን የሚቀላቅል ክፍል) ያለው አሮጌ ኮሮላ ግን አያውቅም፤ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ጥላሸቱም በዚያው ልክ ይበዛል። የካርቡሬተር መኪና ካላችሁ ከማንኛውም ማጽጃ በፊት ቅይጡን ከፍታውን በሚያውቅ ባለሙያ አስተካክሉ።

መኪናችሁ የትኛው ዓይነት ነው?

ይህን ሳትለዩ ማጽጃ አትግዙ። በተለመደው ኢንጀክሽን ቤንዚኑ የሚረጨው ከቫልቩ ጀርባ ላይ ነው፤ ስለዚህ ነዳጅ ውስጥ የሚጨመር ማጽጃ ቫልቩን እያጠበ ያልፋል። ከላይ የጠቀስኳቸው ቶዮታዎች በአብዛኛው በዚህ ውስጥ ናቸው። በቀጥታ ኢንጀክሽን ግን፣ ጂዲአይ፣ ቲኤስአይ ወይም ዲ-4 የሚሉ ምልክቶች ያሏቸው መኪኖች ላይ፣ ቤንዚኑ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። የማስገቢያው ቫልቭ ጀርባ ቤንዚን አይነካውም፤ ታንክ ውስጥ የምትጨምሩት ማጽጃ አይደርስበትም። እነዚህ ላይ ቫልቩ በደንብ ከተያዘ የአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ወርዶ በባለሙያ መጽዳት አለበት።

የናፍጣ መኪና ያላችሁ አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ በሚሠራ የናፍጣ ሞተር አየር ማስገቢያ ውስጥ የሚቀጣጠል ስፕሬይ በፍጹም አትንፉ። የናፍጣ ሞተር ያገኘውን ተቀጣጣይ ሁሉ ስለሚያነድ ዙሩ ከቁጥጥር ውጭ ሊወጣና ቁልፍ ብታጠፉም ላይቆም ይችላል። የእነሱ ካርቦን በአብዛኛው ከጭሱ የተወሰነውን ወደ ሞተሩ በሚመልሰው ኢጂአር ቫልቭና ማኒፎልዱ ላይ ነው፤ ክፍሉ ተፈቶ፣ ከመኪናው ወርዶ ነው የሚጸዳው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ባለ 10 ቁጥር ቁልፍ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ባለ 16 የካንዴላ ቁልፍ ከማራዘሚያው ጋር (ብዙ መኪኖች ባለ 16 ናቸው፤ አንዳንዶቹ 14 ወይም 21)፣ የትሮትል ቦዲ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍትና የሚዘጋ ክፍል) ማጽጃ ስፕሬይ፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ክር የማይለቅ ጨርቅ፣ የጎማ ጓንትና መነጽር። የካርቡሬተር ማጽጃ ሁሉ ለትሮትል ቦዲ አይሆንም፤ አንዳንዱ ኃይለኛ ስለሆነ ሽፋኑንና ጎሚኒውን ይበላል። ቆርቆሮው ላይ ለትሮትል ቦዲ ይሆናል፣ በጭስ ማውጫው ላይ ያለውን ኦክስጅን ሴንሰር አይጎዳም የሚል ካለ እሱን ምረጡ።

ሥራው ክፍት ግቢ ውስጥ ይሁን። እነዚህ ስፕሬዮች እንደ ቤንዚን ይነዳሉ፤ እንፋሎታቸው ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ መሬት መሬት እየተሳበ ይሄዳል። ግቢ ውስጥ ቡና እየፈላ ከሆነ ከሰሉ እስኪነሳ ጠብቁ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጠገባችሁ አይቁም። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አታስነሱ፤ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

ደረጃ 1፦ ካንዴላዎቹን አውጡና አንብቡ

ሞተሩ መቀዝቀዝ አለበት። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አሉሚኒየም ስለሆነ ትኩስ እያለ ካንዴላ ብትፈቱ ጥርሱ አብሮ ሊወጣ ይችላል። የፕላስቲክ ክዳኑን አንሱ። እያንዳንዱ ካንዴላ ላይ የተቀመጠው ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ክፍል) በአንድ ባለ 10 ቡሎን ተይዟል፤ ሶኬቱን ምላሱን ተጭናችሁ ነቅላችሁ፣ ቡሎኑን ፈታችሁ፣ ኮይሉን እያወዛወዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ካንዴላውን ከመፍታታችሁ በፊት ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን አሸዋና አቧራ በአየር ንፉ፤ ካልነፋችሁት ካንዴላው ሲወጣ አቧራው ወደ ሲሊንደር ይገባል።

አራቱንም ካወጣችሁ በኋላ በተራቸው ካርቶን ላይ ደርድሩ፤ 1 ቁጥር የሚባለው ቀበቶው ባለበት በኩል ያለው ነው። አሁን ሳትጠርጉ ተመልከቱ።

ጫፉ ቀለል ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ያ ሲሊንደር ጤነኛ ነው። አራቱም እንዲህ ከሆኑ የሚኒሞ ችግራችሁ ከማቃጠያው ክፍል አይደለም፤ በቀጥታ ወደ ትሮትል ቦዲ ሂዱ።

አራቱም ላይ ደረቅ፣ ጣት ላይ የሚቀር ለስላሳ ጥቁር ዱቄት ካለ ሞተሩ ቤንዚን እየበዛበት ነው። የታፈነ የአየር ፊልትሮ፣ የማይሠራ ኦክስጅን ሴንሰር፣ ሞተሩ ሙቀት አለመያዙ ወይም የአጭር ርቀት አነዳድ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ አራቱንም የሚነካ ነገር ነው ማለት ነው።

አንዱ ብቻ ጠቁሮ ሦስቱ ንጹሕ ከሆኑ ምክንያቱ እዚያው ሲሊንደር ላይ ነው። መጀመሪያ የዚያን ኮይል ከጎረቤቱ ጋር አቀያይራችሁ ለጥቂት ቀናት ንዱ። ጥቁሩ ከኮይሉ ጋር ቦታ ከቀየረ ኮይሉ ደክሟል። ቦታውን ካልቀየረ ኢንጀክተሩ እያንጠባጠበ ወይም የሲሊንደሩ ግፊት ወርዶ ሊሆን ይችላል።

ጥቁሩ እርጥብና ቅባታም ከሆነ ግን ዘይት ነው። እዚህ ላይ ግልጽ ልሁን፦ ዘይት የሚበላን ሞተር በማጽጃ ስፕሬይ ለማዳን ገንዘብ አታውጡ። ፒሲቪ ቫልቩን ፈትሹ (ቀጥሎ አለ)፤ እሱ ደህና ከሆነ የኮምፕሬሽን (የሲሊንደር ግፊት) ምርመራ አስደርጉ። ዘይቱ የተገኘው ካንዴላው ጫፍ ላይ ሳይሆን ከላይ፣ ጥርሱና ነጩ ሸክላ አካባቢ ከሆነ አትደንግጡ፤ የቴስታታው ክዳን ጎሚኒ አርጅቶ ከላይ የገባ ነው፣ ጎሚኒውን መቀየር ይበቃል።

የኢሪዲየም ካንዴላ ጫፍ እንደ መርፌ ቀጭን ስለሆነ በሽቦ ብሩሽ አትፈትጉት፤ ይሰበራል። ተራውም ቢሆን በሽቦ ሲፈተግ ሸክላው ላይ የብረት ብናኝ ይቀርና እሳቱ በዚያ በኩል ያመልጣል። በጣም ከጠቆረ አዲስ መግዛት ይሻላል። ዴንሶም ሆነ ኤንጂኬ ስትገዙ ከቁጥሩ መጨረሻ ላይ 11 ካለ የእሳት ክፍተቱ 1.1 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ስትመልሱ መጀመሪያ በጣታችሁ እስኪቆም አዙሩ፤ አዲስ ከሆነ በቁልፍ ግማሽ ዙር ወይም ትንሽ ጨምሩ፣ አሮጌው ተመላሽ ከሆነ ጥቂት ነካ ማድረግ ይበቃዋል። በጉልበት ማጥበቅ ጥርስ ይበላል።

ደረጃ 2፦ የአየር ፊልትሮና ፒሲቪ ቫልቭ

ፊልትሮውን አውጥታችሁ በፀሐይ በኩል ያዙት። ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ ቀይሩት። አቧራማ መንገድ የሚነዳ ሰው መጽሐፉ ላይ የተጻፈውን ኪሎ ሜትር መጠበቅ የለበትም። የወረቀት ፊልትሮ በውኃ አይታጠብም።

ፒሲቪ ቫልቩ የቴስታታው ክዳን ላይ ተቀምጦ በጎማ ቱቦ ከማኒፎልዱ ጋር የተያያዘ አውራ ጣት የምታክል ክፍል ነው። ቱቦውን በፒንሳ ማጥበቂያውን አስለቅቃችሁ አውጡ፣ ቫልቩን ፍቱና ጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቁት። ቅልጭ ቅልጭ ካላለ ተጣብቋል። በንጹሕ ቱቦ ከሁለቱም ጫፍ ንፉበት፦ ከሞተሩ በኩል አየር ማሳለፍ፣ ከማኒፎልዱ በኩል መዝጋት አለበት። በሁለቱም በኩል የሚያሳልፍ ከሆነ የዘይት እንፋሎቱ ያለ ልክ እየተሳበ ቫልቮችንና ትሮትሉን እያጠቆረ ነው። በማጽጃ አጥባችሁ ካልተመለሰ ቀይሩት፤ ዋጋው ከብዙ ስፕሬይ ያነሰ ነው። የደረቀና የተሰነጠቀ ቱቦም አብሮ ይቀየር፤ በስንጥቁ የሚገባው አየር ሚኒሞውን ያናጋል።

ደረጃ 3፦ ትሮትል ቦዲ

ለሚኒሞ ችግር ከሁሉም በላይ ውጤት የሚታየው እዚህ ነው። ነዳጅ ስትረግጡ የሚከፈተው ክብ ሳህን ጠርዝ ላይ የተጋገረ ጥቁር ቅባት አየሩ የሚያልፍበትን ጠባብ ክፍተት ይዘጋዋል።

መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ጫፍ አውጡ። ከአየር ፊልትሮው ቤት ወደ ትሮትል ቦዲው የሚሄደውን ወፍራም ጎማ ከሁለቱም ጫፍ ማጥበቂያውን አላልታችሁ አንሱት። መንገድ ላይ የአየር መጠን ሴንሰር ካለ ሶኬቱን ነቅላችሁ እጃችሁን ሳታስነኩ አስቀምጡ። በዚያ ሴንሰር ላይ የትሮትል ማጽጃ አይነፋም፤ ውስጡ ያለው ሽቦ ከፀጉር የቀጠነ ነው፣ የራሱ የሆነ ስፕሬይ አለው።

ጎማው ሲነሳ ሳህኑ ይታያል። ጨርቁ ላይ ማጽጃ ንፉና ፊቱን ጥረጉ። ለጠርዙ የጥርስ ብሩሹን እርጥብ አድርጋችሁ በቀስታ ዙሩት። ወደ ውስጥ ዝም ብላችሁ አትርጩ፤ ማኒፎልዱ ውስጥ የሚጠራቀመው ፈሳሽ ሞተሩ ሲነሳ በአንድ ጊዜ ይሳባል፣ ሶኬቶቹንና ሳህኑን የሚያንቀሳቅሰውን ትንሽ ሞተርም ያርሳል።

ሳህኑን ለመክፈት በገመድ የሚሠራ ከሆነ ሰው ፔዳሉን ይርገጥላችሁ ወይም ገመዱ የተጠመጠመበትን መዘውር በእጅ አዙሩ። ገመድ የሌለው የኤሌክትሪክ ትሮትል ከሆነ ባትሪው መነቀሉን ዳግም አረጋግጡ፤ ከዚያ በቀጭን እንጨት ወይም በፕላስቲክ በጣም በዝግታ ገፋ አድርጋችሁ ይዛችሁ ጀርባውን ጥረጉ። ቁልፍ ክፍት ሆኖ ጣት ማስገባት ጣት ያስቆርጣል፤ በኃይል መግፋት ደግሞ ውስጡ ያለውን ጥርስ ይሰብራል። ሳህኑ የሚዘጋበት ቦታ ላይ ጠቆር ያለ ቀጭን የፋብሪካ ቅብ ካያችሁ አትፋቁት። ካርቦን አይደለም፤ አየር እንዳይሾልክ የተቀባ ነው። ለዚህም ነው የሽቦ ብሩሽና የብርጭቆ ወረቀት እዚህ ቦታ የሌላቸው።

በገመድ በሚሠሩት አሮጌዎቹ ላይ ከሳህኑ አጠገብ ሌላ ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ ወደ ሚኒሞ መቆጣጠሪያው የሚወስድ ነው። ብዙ ሰው ሳህኑን አጽድቶ ይህን ይረሳዋል፣ ከዚያ «አጽድቼውም አልተሻለውም» ይላል። ቀዳዳው ውስጥ ጥቂት ነፍታችሁ፣ ጥቂት ጠብቃችሁ፣ ጥቁሩ ውኃ እስኪጠራ በጨርቅ እየተቀበላችሁ ድገሙ።

ሁሉም ሲደርቅ ጎማውን መልሱ፣ ማጥበቂያዎቹን አጥብቁ፣ ባትሪውን አስሩ። ሞተሩ ሲነሳ ዙሩ ከፍ ቢል ወይም ቢዋዥቅ አትደንግጡ። ኮምፒውተሩ በቆሻሻው ልክ ሳህኑን ሰፋ አድርጎ መያዝ ለምዶ ነበር፤ አሁን እንደገና መማር አለበት። ኤሲም መብራትም ሳይበራ 10 ደቂቃ ያህል በሚኒሞ ይሥራ፣ ከዚያ ኤሲ አብርታችሁ 5 ደቂቃ፣ ከዚያ ሰፈር ውስጥ አንድ ዙር ንዱ። ሞተሩ ሲሞቅ በደቂቃ 700 ዙር አካባቢ ተረጋግቶ መቆም አለበት። ከሁለት ቀን በኋላም ከ1,000 በላይ ከሆነ አየር የሚሾልክበት ቦታ አለ፤ ያነሳችሁትን ጎማና ቱቦ ሁሉ ተመልሳችሁ ተመልከቱ።

ደረጃ 4፦ ታንክ ውስጥ የሚጨመር ማጽጃና ረጅም መንገድ

ኢንጀክተርና ቫልቭ ላይ ያለውን ክምችት ሳይፈቱ ለማጽዳት የተሻለው መንገድ ይህ ነው፤ ግን ጠርሙስ ሁሉ እኩል አይደለም። ፖሊኤተርአሚን፣ በአጭሩ ፒኢኤ፣ ያለበትን ፈልጉ። ይህ ንጥረ ነገር ሙቀት ስለሚቋቋም ማቃጠያው ክፍል ድረስ ይሠራል። ስለ ይዘቱ ምንም የማይል፣ «ተአምር» ብቻ የሚል ጠርሙስ ይቅርባችሁ።

ታንኩ ሊያልቅ ሲል ማጽጃውን ጨምሩና ቤንዚን ሙሉበት፤ እንዲህ ሲደረግ በደንብ ይቀላቀላል። መጠኑን ጠርሙሱ ከሚለው አታስበልጡ። ያንን ታንክ እስኪያልቅ በትራፊክ ውስጥ ብቻ አትፍጁት። የተወሰነውን በአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ወይም በሌላ ክፍት መንገድ፣ በሕግ በተፈቀደው ፍጥነት፣ ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ ከ3,000 ዙር በላይ ለግማሽ ሰዓት ያህል አስኬዱት። ማርሹን አንድ ዝቅ ማድረግ ያለ ተጨማሪ ፍጥነት ዙሩን ከፍ ያደርገዋል። ከጉዞው በፊት ዘይትና የራዲያተር ውኃ ይታይ።

ማጽጃውን የምትጠቀሙበት ጥሩ ጊዜ ዘይት ልትቀይሩ ስትቃረቡ ነው፤ ከተፈታው ቆሻሻ የተወሰነው በፋሻው አልፎ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ ከአሮጌው ዘይት ጋር አብሮ ይወጣል።

ደረጃ 5፦ ፒስተን ራስ ላይ የተጋገረ ካርቦን

ይህን የምትሠሩት ምልክት ካለ ብቻ ነው፦ ቤንዚኑ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ሞተሩ ሲያንኳኳ፣ ዘይት ቀስ በቀስ ሲጎድልና ፋሻው በካርቦን ተጣብቆ እንደሆነ ሲጠረጠር፣ ወይም በካንዴላው ቀዳዳ በትንሽ ካሜራ ስታዩ ፒስተኑ ራስ ላይ ወፍራም ቅርፊት ሲኖር። ሞተር መፍታት አዲሳችሁ ከሆነ ለመካኒክ ተዉት። ፈሳሽ አይጨመቅም፤ ሲሊንደር ውስጥ ፈሳሽ እያለ ካንዴላ ዘግታችሁ ሞቶሪኖ (የሞተር ማስነሻውን) ብትመቱ የፒስተኑ ዘንግ ይታጠፋል፣ ሞተሩም እዚያው ያበቃለታል።

የምትሠሩት ከሆነ፣ አራቱንም ካንዴላ አውጡ። በየቀዳዳው ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ ወይም የመጠጫ ስትሮ አስገቡና ክራንኩን፣ ማለትም ከፒስተኖቹ ጋር የተያያዘውን ዘንግ፣ ቀበቶው በሚዞርበት ፑሊ ቡሎን፣ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ፣ በእጅ አዙሩ። አራቱም ቱቦዎች እኩል ቁመት ላይ ሲደርሱ ፒስተኖቹ ሁሉ መሃል ላይ ናቸው። ለፒስተን ማጽጃ የተሠራ ፈሳሽ በየሲሊንደሩ 30 ሚሊ ሊትር ያህል በስሪንጅ ጨምሩ፤ ቀዳዳውን በጨርቅ ሸፍናችሁ አሳድሩት።

ጠዋት ስሪንጁ ላይ ቀጭን ቱቦ አድርጋችሁ የቀረውን ምጠጡ። ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ አንዳንዱ ሲሊንደር ደግሞ ፈሳሹ በፋሻው ወርዶ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ከአራቱ አንዱ ብቻ ፈጥኖ ባዶ ከሆነ የዚያን ቁጥር ጻፉት፤ ፋሻው አርጅቶ ሊሆን ይችላልና። ከዚያ የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝ ንቀሉ፣ ኮይሎቹን ከሶኬት ነቅላችሁ ከሞተሩ ራቅ አድርጉ፤ እሳት እንዳይፈጠር ይህ ግድ ነው። ኮፈኑ ክፍት ሆኖ እንፋሎቱ ጥቂት ይብነን። ክራንኩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ። ቀዳዳዎቹ ላይ ወፍራም ጨርቅ ጣሉ፣ ማንም ፊቱን ከላይ አያድርግ፣ ከዚያ ሞቶሪኖውን ሦስት አራት ሰከንድ እያረፋችሁ ደጋግማችሁ ምቱ። ጨርቁ ደረቅ ሆኖ እስኪቀር ድረስ ቀጥሉ።

ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውን ቀይሩ። የወረደው ፈሳሽ ዘይቱን አቅጥኖታል፤ በቀጠነ ዘይት ማስነሳት ብሮንዚኖቹን (ክራንኩ የሚዞርባቸውን ተሸካሚዎች) ይጎዳል። ካንዴላና ኮይል መልሱ፣ ፊውዙን አስገቡ፣ ክፍት ቦታ ላይ አስነሱ። ለደቂቃዎች ወፍራም ነጭ ጭስ ይወጣል፤ ጎረቤት ቢደነግጥ ንገሩት።

ሰዎች የሚመክሯችሁ፣ እናንተ ግን የማታደርጉት

ዘይት ውስጥ ናፍጣ ወይም ላምባ ጨምሮ ሞተር ማስነሳት ዛሬም ይመከራል። ዘይቱ የሚይዘውን ቀጭን ሽፋን ያጠፋል፤ ለዓመታት የተቀመጠ ጭቃ በአንድ ጊዜ ተነሥቶም የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይዘጋል። በሚሠራ ሞተር ቱቦ ውስጥ ውኃ ማስሳብም የሚነገርለት አለ፤ በፋብሪካ የሚሠራው በልክ በሚረጭ መሣሪያ ነው፣ በላስቲክ ጠርሙስ የሚሠራ ሰው ግን መጠኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ኢንጀክተርም ቤት ውስጥ ተፈቶ በሽቦ አይወጋም፤ ቀዳዳው ይሰፋል። የኢንጀክተር ማሽን ያለው ጋራዥ ይውሰደው።

ቴርሞስታቱ አለ?

ይህን ለብቻው ያነሣሁት እኛ አገር ለካርቦን ትልቅ ምክንያት ሆኖ ሳለ ስለማይነገር ነው። ሞተር ሲግል ቴርሞስታቱን፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃውን የሚያግደውን ቫልቭ፣ አውጥቶ መጣል የተለመደ መፍትሔ ሆኗል። ግለቱ ለጊዜው ይበርዳል፤ ሞተሩ ግን ከዚያ ወዲህ የሥራ ሙቀቱን አይይዝም። ኮምፒውተሩ «ገና አልሞቀም» ብሎ ቤንዚን ያበዛል፣ ዘይቱ ውስጥ ያለው እርጥበት አይተንም፣ ካንዴላው ይጠቁራል። የፈለጋችሁትን ያህል ብታጸዱ ጥላሸቱ ይመለሳል።

መፈተሻው ቀላል ነው። ርካሽ የኦቢዲ (የመኪናውን ኮምፒውተር) ማንበቢያ ከስልክ ጋር አገናኝታችሁ የውኃውን ሙቀት እዩ፦ ከ15 ደቂቃ መንዳት በኋላ 80 ዲግሪ ካልደረሰ፣ ወይም ቁልቁለት ላይ ወደ 60ዎቹ ከወረደ ቴርሞስታቱ የለም ወይም ተከፍቶ ቀርቷል። ሰማያዊ የቅዝቃዜ መብራት ያላቸው መኪኖች ላይ መብራቱ ሳይጠፋ ብዙ መንገድ ከተጓዘ ወይም ተመልሶ ከበራ ያው ነው። ቴርሞስታት አስገቡ፤ ሲገባ መኪናው ከጋለ እውነተኛው ችግር ራዲያተሩ፣ ፋኑ ወይም የውኃ ፓምፑ ነው፣ እሱ ይሠራ።

ከሥራው በኋላ

ያገለገለ ጨርቅ አየር ላይ ዘርግታችሁ ይድረቅ፤ እርጥቡን አጨቃችሁ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አትተዉት፣ ፈሳሹንም ወደ ቦይ አታፍስሱ። አሮጌውን ዘይት የሚቀበል ጋራዥ ካለ አብሮ ስጡት።

1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳችሁ በኋላ 1 ቁጥሩንና ቀድሞ ጠቁሮ የነበረውን ካንዴላ አውጥታችሁ እዩ። ቡናማ ከሆኑ ፊልትሮና ዘይት በወቅቱ እየቀየራችሁ ቀጥሉ። እንደገና ደረቅ ጥቁር ከሆኑ ኦክስጅን ሴንሰሩን በኮምፒውተር አስፈትሹ። ቅባታም ከሆኑ ሌላ ማጽጃ ሳትገዙ ኮምፕሬሽን አስለኩ፤ በደረቁ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በየሲሊንደሩ ትንሽ ዘይት ጠብ ተደርጎ ሌላ ጊዜ። ዘይት ሲጨመር ግፊቱ ከፍ ካለ ፋሻው ነው፤ ባለበት ዝቅ ብሎ ከቀረ ቫልቩ ነው፤ ሁለቱም ጊዜ ጥሩ ሆኖ ዘይት የሚጎድል ከሆነ ደግሞ የቫልቭ ጎሚኒዎቹን አስዩ። ሦስቱ ጥገናዎች በዋጋም በድካምም በጣም ስለሚለያዩ፣ ውጤቱ ወረቀት ላይ ሳይሰፍር ማንም ሞተራችሁን እንዲከፍት አትፍቀዱ።